ከተፈቀደ በኋላ ለምን ይከታተሉታል?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም የጤና አምድ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከደሴ ሸዋ በር ነው። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ሲመጣ ለእናቴ ኮሌስትሮል ይቀንሳል የሚባል ዳቦ ላይ የሚቀባ ማርጋሪን ይዞላት መጣ፣ እሷ ደግሞ ሐኪም ያዘዘላት የኮሌስትሮል ክኒን አላት፣ አሁን ሁለቱንም ነው የምትወስደው። ቤተሰቡ በሙሉ ስለወደደው የ4 ዓመት ልጄም ጠዋት ጠዋት እሱን ነው ዳቦ ላይ የምቀባለት። ሲያልቅብን ፒያሳ አንድ ሱቅ አገኘሁ፣ ግን ባለሱቁ ከትልቁ ዕቃ እየቀነሰ በትንንሽ ፕላስቲክ ነው የሚሸጠው። ወንድሜ ስደውልለት ይሄ ነገር አውሮፓ ከተፈቀደ በኋላም ክትትል ይደረግበት ነበር አለኝና ደነገጥኩ። ደህና ከሆነ ለምን ይከታተሉታል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህታችን። መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልንገርሽ፣ ለልጅሽ መቀባቱን አቁሚ። መርዝ ሆኖ አይደለም አትደንግጪ፣ ግን ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይመከርም፣ አውሮፓ ውስጥ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ነው። እናትሽም ክኒን ስለሚወስዱ ሐኪማቸው ሳያውቅ መብላት የለባቸውም።

ማርጋሪኑ ውስጥ ያለው የዕፅዋት ስቴሮል ይባላል፣ ከአኩሪ አተር ዘይት ወይ ከጥድ እንጨት ይወጣል። አፈጣጠሩ ኮሌስትሮልን ስለሚመስል አንጀት ውስጥ ቦታውን ይሻማዋል፣ ስለዚህ ወደ ደም የሚገባው ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ችግሩ ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነታችን ቫይታሚን ኤ የሚሠራበት ቤታ ካሮቲን ደም ውስጥ አብሮ መቀነሱ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲፈቅዱት ይሄን አውቀው ነው፣ ለዛም ነው አምራቹ ገበያ ከገባ በኋላ ተከታትሎ ሪፖርት ያድርግ ያሉት፦ ማን ነው የሚገዛው፣ በቀን ስንት ግራም ይበላል፣ የታሰበለት ሰው ነው ወይስ ቤተሰቡ በሙሉ? (ያንቺን ቤት ማለት ነው።) ውጤቱ ሲመጣ ሰው ከተገመተው ያነሰ ነበር የሚበላው። በኋላ ግን ስቴሮሉ እርጎና ወተት ውስጥም መግባት ሲጀምር ከዚህም ከዚያም ተደምሮ እንዳይበዛ በቀን ከ3 ግራም ስቴሮል አትለፉ የሚል ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ እንዲወጣ ተደረገ።

ስለዚህ ክትትል ማለት ፈቃዱ ውሸት ነበር ማለት አይደለም። ከመፈቀዱ በፊት የሚጠናው በተመረጡ ሰዎች ላይ ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ተለክቶ እየተሰጣቸው። ገበያ ሲገባ ግን ክኒን የሚወስደውም ሕፃኑም ይበላዋል፣ ለዓመታት ይበላዋል። እኛ ወሎ ውስጥ ይሄን ከጓያ እናውቀዋለን፣ አልፎ አልፎ ቢበላ ምንም የማይለው እህል ድርቅ መጥቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው እግር ሽባ የሚያደርገው፣ አንድ ሳምንት አብልተሽ ብታጠኚው ኖሮ ምንም ነገር አታዪም ነበር።

ክትትል ሳይኖር የሚሆነውን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 አይታዋለች። ኤል ትሪፕቶፋን የሚባል ለእንቅልፍ እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የምግብ ማሟያ ነበር። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከባድ የጡንቻ ሕመም ያለባቸው፣ የደም ምርመራቸው ላይም አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ከልክ በላይ የጨመረ 3 ሴቶች ተገኙ፣ ሐኪሞቻቸው ሲነጋገሩ ሦስቱም ይሄንኑ ማሟያ እንደሚወስዱ ታወቀ። ከዛ በኋላ በመላ አገሪቱ ከ1,500 በላይ ታማሚ ተቆጠረ፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ሲጣራ አብዛኛው የመጣው ከአንድ አምራች ነው፣ እዛ ድረስ መድረስ የተቻለው ደግሞ ታማሚዎቹ የወሰዱት ከየትኛው ፋብሪካ፣ ከየትኛው የምርት ቁጥር እንደሆነ መከታተል ስለተቻለ ነው።

አሁን የፒያሳውን ፕላስቲክ አስቢው። የምርት ቁጥር የለውም፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የለውም፣ ከ5 ዓመት በታች አይሆንም የሚለው ጽሑፍ ትልቁ ዕቃ ላይ ቀርቷል። ነገ አንድ ሰው ቢታመም ምን እንደበላ በምን ይታወቃል? እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ከስቴሮሉ በላይ። በሻንጣ የገባ ዕቃ ተገልብጦ ሲሸጥ የአውሮፓ ክትትል እኛ ጋ ሊደርስ አይችልም፣ እዚህም የሚከታተል ቢኖር የሚይዘው ነገር የለም። እኛም ሆዳችንን ሲያመን ምች ነው፣ ብርድ ነው ብለን እናልፈዋለን እንጂ የበላነውን ለሐኪም አንናገርም።

እና እንደዛ አድርገው የሚሸጡትን አትግዢ፣ ባለሱቁንም በጨዋ ደንብ ዋናውን ዕቃ አሳየኝ በይው፣ መብትሽ ነው። አዲስ ነገር በልታችሁ ሰውነት ቢያሳክክ፣ ቢያስመልስ፣ ጡንቻ ቢያም ማሸጊያውን አትጣሉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከመቼ ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ እንደበላችሁ ጻፉት፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ መስመር 8482 ደውላችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ።

እናትሽ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ክኒናቸውንም ወንድምሽ ያመጣውን የማርጋሪን ዕቃም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ቀጥሉ ካላቸው ዕቃው ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ስንት ግራም ስቴሮል እንዳለው ተጽፏል፣ ወንድምሽ በስልክ ያንብብልሽና በቀን ከ3 ግራም እንዳያልፍ አስሊ፣ ካሮትና ጎመኑንም ከገበታቸው አታጥፊ። ክኒኑን ግን ማርጋሪኑ ይበቃኛል ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙ አደራ።