የዶሮ ፈንጣጣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ

ጥያቄ፦ ጥቂት ዶሮዎቼ ፊታቸው ላይ ጠቆር ያለ እከክ አወጡ። ሁለቱ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው በችግር ይተነፍሳሉ። የእንስሳት ሐኪሙ «ፈንጣጣ ይመስላል፣ ግን ናሙና ይታይ» አለኝ። በዓይን ከታወቀ ማይክሮስኮፕ ምን ይጨምራል?

መልስ፦ እከኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ናሙና ባይላክም ብዙ አይጎዳም ነበር። ላባ በሌለው የፊት ቆዳ፣ በአናት ቀይ ሥጋና በዓይን ዙሪያ ኪንታሮት መሰል እባጭ ወጥቶ ሲደርቅ ቅርፊት ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ፈንጣጣ ነው። ነገሩን ያከበደው የሁለቱ አተነፋፈስ ነው። ፈንጣጣ አፍና የአየር ቧንቧ ውስጥ አይብ የመሰለ ቢጫ ሽፋን ሲሠራ «እርጥቡ ዓይነት» ይባላል፤ ዶሮዋን አፍኖ የሚገድለውም እሱ ነው። በሄርፐስ ቫይረስ የሚመጣው ላሪንጎትራካይተስ የተባለው የአየር ቧንቧ በሽታም እንዲሁ በችግር ያስተነፍሳል። የሁለቱ በሽታዎች ክትባት የተለያየ ስለሆነ በግምት መከተብ ገንዘብም ጊዜም ያስከስራል።

ማይክሮስኮፑ ሁለቱን የሚለየው ቫይረሱ በህዋሱ ውስጥ በሚተወው አሻራ ነው። ናሙናው በሰም ተይዞ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ስስ ሆኖ ይቆረጥና ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን በተባሉ ማቅለሚያዎች ይቀለማል፤ ኒውክሊየሱ (የህዋሱ እምብርት) ሰማያዊ፣ ሌላው የህዋስ ክፍል ሮዝ ይሆናል። ፈንጣጣ ሲሆን መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የቆዳው የላይኛ ሽፋን ከልክ በላይ መወፈሩ ነው። ቀረብ ሲሉ ህዋሶቹ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል፤ በየውስጣቸውም ትልቅ፣ ክብ፣ ሮዝ እንክብል ተቀምጦ ኒውክሊየሱን ወደ ጠርዝ ገፍቶታል። ይህ በጀርመናዊው የሥነ ደዌ ሊቅ በኦቶ ቦሊንገር ስም የሚጠራው የቦሊንገር አካል ነው። አንዱ የቫይረስ ቅንጣት በተራ ማይክሮስኮፕ ነጥሮ አይታይም፤ እንክብሉ የሚታየው ብዙ ቅንጣቶች አንድ ላይ ስለታጨቁበት ነው። ዋናው ነገር ቦታው ነው፦ ከኒውክሊየሱ ውጭ። በላሪንጎትራካይተስ ግን እንክብሉ እዚያው ኒውክሊየሱ ውስጥ ይገኛል፣ ህዋሶችም ተዋህደው ብዙ ኒውክሊየስ ያለው አንድ ትልቅ ህዋስ ይሠራሉ።

ውጤቱ «አልተገኘም» ብሎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከናሙናው ነው። የደረቀ ቅርፊት ብቻ ከተላከ የሚታየው የሞተ ቆዳና በላዩ የተራባ ባክቴሪያ ነው። አዲስ የወጣ፣ ገና ያልጠቆረ እባጭ ከሥሩ፣ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ቆዳ ትንሽ ጨምሮ መቆረጥ አለበት፤ ይህን ሐኪሙ ይሥራው። ቁራጩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባይወፍር ይመረጣል፣ ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ወደ መሃል ሳይደርስ ሥጋው ይበሰብሳልና። ፎርማሊኑ 1 እጅ ለ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ መጠኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። በችግር ከሚተነፍሱት ሁለት ዶሮዎች አንዷ ከሞተች በረዶ ቤት አያስገቧት፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ህዋሱን ይቀዳድደዋል። ቀዝቃዛ ቦታ አድርገው በዚያው ቀን ያድርሷት፣ ማንቁርቷና የአየር ቧንቧዋ ይወሰዳል።

እስከዚያ የታመሙትን ይለዩ፣ ቅርፊቱንም አይላጡ። ቫይረሱ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ የወደቀውን ጠርገው ያቃጥሉ። ቢንቢም ከዶሮ ዶሮ ስለሚያዛምተው በአካባቢው የተጠራቀመ ውሃ ያፍስሱ። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም፤ የሚረዳው ቁስሉ ላይ ባክቴሪያ ሲደረብ ብቻ ነው።

ፈንጣጣ መሆኑ ከተረጋገጠና የታመሙት ገና ጥቂት ከሆኑ ጤነኞቹን ወዲያው ያስከትቡ። ክትባቱ በሁለት ጫፍ መርፌ የክንፍን ስስ ቆዳ በመውጋት ይሰጣል፤ ላባና የደም ሥር እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የተወጋውን ቦታ ይዩ። እብጠት ወይም ትንሽ ቅርፊት ካለ ክትባቱ ይዟል። ምንም ምልክት የሌለባቸው ከበዙ ክትባቱ ሙቀት አግኝቶት ወይም ከተበጠበጠ በኋላ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል በአዲስ ጠርሙስ ይደገም።