ጂንን ሳትፈሩ፣ ባክቴሪያንም ሳታመልኩ

ለተወደዳችሁ ወጣቶች፤

በሕክምና ሙያ ባሳለፍኩት ረጅም ዘመን «በዘሬ ያለ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ?» የሚል አነጋገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያን በማስተካከል ማንኛውንም በሽታ ማራቅ ይቻላል የሚሉ በዝተዋል። ሁለቱንም በጥርጣሬ እንድትመለከቱ እመክራችኋለሁ።

ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነኝ ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን ከእናቱም ከአባቱም እክል ያለበት ጂን (በሕዋሳት ውስጥ ያለ፣ ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት አሠራር መመሪያ) በመውረሱ፣ በምግብ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘውን ፌኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ ታይሮሲን የሚለውጠው የጉበት ኢንዛይም በሚገባ አይሠራለትም፤ በዚህም የተነሣ ፌኒልአላኒኑ በደም ውስጥ እየተከማቸ አንጎልን ይጎዳል። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በተወለደ በቀናት ውስጥ ከተረከዙ በሚወሰድ የደም ጠብታ ተመርምሮ ፌኒልአላኒን የተቀነሰበት አመጋገብ ቶሎ ከተጀመረለትና ሳያቋርጥ ከተከታተለው፣ ጂኑ እንደነበረ ሆኖ ሳለ ከከባድ የአእምሮ ጉዳት ይድናል። ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም። እርግጥ ነው፣ እንደ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ባሉት ላይ በርካታ ጂኖች ጥቂት ጥቂት ድርሻ ስላላቸው ነገሩ እጅግ ይወሳሰባል።

ወደ ባክቴሪያዎቹ ስንመጣ፣ ከሰውነታችን ሕዋሳት 10 እጥፍ ይበልጣሉ የሚለው ቁጥር (በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር!) ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ቆይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ስሌት ግን በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያዎችና ወደ 30 ትሪሊዮን የሰው ሕዋሳት እንደሚገኙ ገምቷል። ቁጥራቸው ቢቀንስም ሥራቸው የሚናቅ አይደለም፤ እኛ ልንፈጨው ያልቻልነውን የምግብ ፋይበር አብላልተው ቡቲሬት የተባለውን አሲድ ያመርታሉ፤ የትልቁ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ሕዋሳትም ኃይል የሚያገኙት በአብዛኛው ከእርሱ ነው።

በወፍራሞችና በቀጭኖች አንጀት ውስጥ የባክቴሪያው ስብጥር ይለያያል የሚል ጥናት ስታነቡ፣ ባክቴሪያው ውፍረቱን አምጥቶ ይሁን ወይስ አመጋገቡ ሁለቱንም ለውጦ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን የሚለየው ለተለያየ ሕክምና በዕጣ በተመደቡ ሰዎች ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ እንዲህ ያለ ሙከራ፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በተባለው ባክቴሪያ ምክንያት ተቅማጥ ለሚመላለስባቸው ሕሙማን የጤነኛ ሰው ሰገራ በቱቦ ሲሰጣቸው ውጤቱ ከአንቲባዮቲኩ እጅግ ስለበለጠ፣ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደርጓል። ለሌሎች በሽታዎች የሚሸጡልን የባክቴሪያ እንክብሎች ግን በአብዛኛው ይህን ያህል ማስረጃ የላቸውም።