እስከ አርብ

ልጆቼ፣ በትርጉም ሥራ 30 ዓመት ቆይቻለሁ። ስንት ከባድ የሕግና የሕክምና ቃል አልፌያለሁ። ያሳፈረችኝ ግን ትንሿ የእንግሊዝኛ ቃል ‹‹ባይ›› (by) ናት።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። ለአንድ የውጭ ደንበኛ ‹‹ሪፖርቱን እስከ አርብ እልካለሁ›› ልለው ፈለግሁና ‹‹አንቲል ፍራይዴይ›› (until Friday) ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ ‹‹አንድ ጊዜ ብቻ ከላክልኝ ይበቃኛል።›› መቀለዱ የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ለካ እኔ ያልኩት፣ አርብ እስኪደርስ ያንኑ ሪፖርት ደጋግሜ እየላክሁ እሰነብታለሁ ነው።

ያሳሳተኝ አማርኛዬ ነው። እኛ ለሁለቱም አንድ ‹‹እስከ›› አለን። ‹‹እስከ አርብ እዚህ ነኝ›› እንላለን። ‹‹እስከ አርብ እጨርሳለሁ››ም እንላለን። ማንም አይደናገርም። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። መቆየት፣ መጠበቅ፣ መተኛት የመሰለ የሚቀጥል ነገር ከሆነ ‹‹አንቲል›› ነው። መላክ፣ መክፈል፣ መድረስ የመሰለ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ከሆነ ‹‹ባይ›› ነው።

ከተጠራጠራችሁ ‹‹እስከ አርብ››ን አውጡና ‹‹አርብ ሳያልፍ››ን ተኩበት። ‹‹አርብ ሳያልፍ እከፍላለሁ›› ያስኬዳል፤ ባይ በሉ። ‹‹አርብ ሳያልፍ እዚህ እቆያለሁ›› ጆሮ ይቆረቁራል፤ አንቲል በሉ። የሰዋስው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም።

ሌሎቹ የባይ ትርጉሞች ብዙ አያስቸግሩም። ‹‹ባይ ዘ ሪቨር›› ወንዙ ዳር፣ ‹‹ባይ ባስ›› በአውቶቡስ ነው። ደመወዝ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ‹‹ባይ 5,000›› ጨመረ ከተባለ፣ በነበረው ላይ 5,000 ብር ተደረበ ማለት ነው። ‹‹ቱ 5,000›› ከሆነ ጠቅላላው 5,000 ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛ ያግዘናል፤ ‹‹በ›› እና ‹‹ወደ›› ብሎ ቁጭ አድርጎታል። ደብዳቤውን ሳታነቡ ድግስ የምትጠሩ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ደግሞ ‹‹ባይ ፍራይዴይ›› አርብን ይጨምራል ወይ ትሉኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ግን አርብ ስንት ሰዓት ድረስ? ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚያ ነው። ስለዚህ ውል ላይ ‹‹ኦን ኦር ቢፎር›› (በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በፊት) ብላችሁ ቀኑን ከነሰዓቱ አስቀምጡ። የማን ሰዓት እንደሆነም ጻፉ።

ይህቺን የምጨምረው ስለደረሰብኝ ነው። ለአንድ የውጭ እንግዳ ‹‹ባይ 4›› ብዬ ጽፌ፣ እንደኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሆቴሉ በር ላይ ተገትሬ ዋልኩ። ሰውየው ብቅ ያለው 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰዓቱን አሳየኝ። ለ4 አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።