ተዳፋት፣ ግጦሽና እርከን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ገጠር መሬት አጠቃቀም የላካችኋቸው ጥያቄዎች በዝተዋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። በወረዳ ግብርና ሥራ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ፤ ስለዚህ ሕጉን ብቻ ሳይሆን ማሳው ላይ ያየሁትንም እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ ደብተር (የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ) አለኝ፤ ግብሬን እከፍላለሁ። ታዲያ የቀበሌ ሰው መጥቶ «እዚህ ጋ አትረስ» የሚለኝ በምን ሥልጣኑ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብተሩ የሚሰጥህ የመጠቀም መብት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አርሶ አደሩ በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ ይህን መብት ከግዴታ ጋር አሰረው። ባለይዞታ መሬቱን መንከባከብ አለበት፤ መሬቱ ከተጎዳ የመጠቀም መብቱን እስከ ማጣት ይደርሳል።

የከረረ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ይገባኛል። በደጋው የአገራችን ክፍል በተደረገ የአፈር ጥናት፣ ከእርሻ ማሳ በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ተገምቷል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዓመት ዓመት ዓይን ላይ አይገባም። በ25 ዓመት ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፤ ማረሻህ የሚገለብጠውን ያህል አፈር ማለት ነው። ልጅህ ሲረከብህ ድንጋዩ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ የተዳፋቱ ልክ 30 በመቶ፣ 60 በመቶ ነው ይሉናል። የእኔ ማሳ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ባለሙያው በዓይኑ አይቶ ነው የሄደው።

መልስ፦ በጣም የተደጋገመው ይኼ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በአዋጅ 456/1997 ድልድሉ እንዲህ ነበር። ከ30 በመቶ በታች የሆነ ተዳፋት አፈሩ እየተጠበቀ፣ ውኃው እየታቆረ ይታረሳል። ከ31 እስከ 60 በመቶ ከሆነ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ ነው። ከ60 በመቶ በላይ እርሻም ልቅ ግጦሽም የለም፤ ዛፍ፣ ቋሚ ተክልና መኖ ይለማበታል። ይህ አዋጅ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ክልሎችም የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የአማራ ክልል አዋጅ 252/2009 አንዱ ነው። ስለዚህ ክርክር ውስጥ ከገባችሁ አሁን በክልላችሁ የሚሠራበትን ጽሑፍ አስነብባችሁ ሂዱ።

ብዙ ጊዜ ጭቅጭቁ የሚነሳው በመቶኛና ዲግሪ ሲምታቱ ነው። በመቶኛው የሚነግረን አግድም 100 ሜትር ሲኬድ መሬቱ ስንት ሜትር ቁልቁል እንደሚወርድ ነው። 60 በመቶ ማለት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። 30 በመቶ ደግሞ 17 ዲግሪ አይሞላም። 45 ዲግሪ የሆነ ቁልቁለት ራሱ 100 በመቶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጣም ገደል የሆነውን ቦታ «ገና ነው» ብሎ ያርሰዋል።

መለካቱ ቀላል ነው። 5 ሜትር ሲባጎ፣ የግንበኛ ውኃ ልክ፣ ረጅም ዘንግና ሜትር ያዙ። አንዱ የሲባጎውን ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት አስነክቶ ይያዝ። ሌላው ቁልቁል ወርዶ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቁም። ሲባጎውን ወጥሮ፣ የውኃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪገባ ድረስ ሲባጎውን ዘንጉ ላይ ከፍ ዝቅ ያድርገው። ከዚያ ከመሬት እስከ ሲባጎው ያለውን ለኩ። አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ 30 በመቶ ነው። 3 ሜትር ከሆነ 60 በመቶ። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩ፤ አንድ ማሳ ሦስት ዓይነት ቁልቁለት ሊኖረው ይችላል። ባለሙያው ሲመጣ ደግሞ «አብረን እንለካው» በሉት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ጥያቄ፦ ልቅ ግጦሽ ተከለከለ ተባልን። ከብቶቻችንን የት እናድርሳቸው?

መልስ፦ ክልከላው በ1997ቱ አዋጅ የገባው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ለተሠራበት መሬት ነው። አጭዶ መመገብም ደረጃ በደረጃ እንዲለመድ ነበር የሚለው። «ደረጃ በደረጃ» የምትለዋን ቃል ብዙ ቦታ ሲዘሏት አይቻለሁ። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ በመጋቢት ከብት እንዳይገባ ይታወጃል። መኖው ግን የለም። እንዲህ ሲሆን ገበሬው በሌሊት ይለቃል። የከብት ኮቴም የወር ድካሙን በሳምንት ይንደዋል። አሁንም ስናገረው ያንገበግበኛል።

ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ሣር፣ ከዚያ ክልከላ። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። እርጥብ ሣር ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ ስለዚህ በቀን ወደ 25 ኪሎ ማጨድ ይጠይቃል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የሚያጭደውና የሚሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ሣሩ ሩቅ ከሆነ ነገሩ አይሆንም። ዴሾ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር፣ ሱስባንያ እርከኑ ላይ ይተከሉ። ሥራቸው እርከኑን ያስራል፤ ቅጠላቸው ማሳው ላይ ይታጨዳል። ላሟ የታሰረችበት ቤት ደግሞ ፍግ ይጠራቀማል፤ ያ ፍግ ተመልሶ ማሳ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከእኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ ፈሰሱን ወደ እኔ ማሳ አዞረው። ቦረቦር ወጣብኝ። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ ከክሱ በፊት ሁለታችሁ ማሳውን አብራችሁ ዙሩ። በበጋ እንጂ በሐምሌ አይሁን፤ ጎርፍ እያየ የሚስማማ ሰው የለም። ሕጉም መጀመሪያ በውይይትና በስምምነት እንዲፈታ ይፈልጋል፤ ካልሆነ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች፣ ካልሆነም በክልሉ ሕግ መሠረት። ቦረቦርን በተመለከተም ባለይዞታውና አዋሳኞቹ አንድ ላይ እንዲያድኑት ነው የተደነገገው። «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» እየተባለ አይተውም ማለት ነው።

አንድ ቀበሌ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ላይኛው ገበሬ ፈሰሱን ቁልቁል ቀጥ አድርጎ ለቀቀው። በመጀመሪያው ክረምት ጉልበት የሚያህል፣ በሦስተኛው ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። ከዚያ ወደ ኋላ እየበላ ወደ ራሱ ወደ ላይኛው ማሳ ወጣ። ቦረቦር የሚያድገው ወደ ላይ ነው። ይህን ለጎረቤትህ ንገረው፤ ከክስ ይልቅ እሱ ያሳምነዋል። ፈሰሱ ገደድ ብሎ ይሂድ፤ መጨረሻው ሣር በለበሰ ውኃ መውረጃ ላይ ይሁን። ቦረቦሩ ውስጥ ክትር ሥሩ፤ ከታች ወደ ላይ እየደረደራችሁ።

ጥያቄ፦ ኮረብታችን ተከልሏል። መቼ ይከፈታል? ሣሩስ የማን ነው?

መልስ፦ በጣም የተጎዳ መሬት እስኪያገግም ይዘጋል፤ ማገገሙ ሲረጋገጥ ወደ ጥቅም ይመለሳል። ጉዳቱ በተጠቃሚው ቸልተኝነት ካልደረሰ፣ እስከዚያ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ እንዲሰጠው 456/1997 ይደነግግ ነበር። ጠይቁ። ሣሩን ግን ከመከለሉ በፊት ተስማሙበት፦ በየትኛው ወር ይታጨዳል፣ ለማን ስንት ሸክም፣ ከብት የሌለው ድርሻውን መሸጥ ይችላል ወይ? ሰሜን ሸዋ ባለው የመንዝ ጓሳ የሣር መሬት ላይ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ይዞታ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጓሳውን እየዘጋ፣ ቀን እየቆረጠ ይከፍት ነበር። ሕዝቡ ራሱ ተስማምቶ ነው የጠበቀው።

ጥያቄ፦ እኛ አርብቶ አደር ነን። ይህ የተዳፋት ሕግ ምናችን ነው?

መልስ፦ እናንተ ጋ ዋናው ጉዳይ ተዳፋት ሳይሆን መንገድ ነው። ከብት በወቅቱ ካልተንቀሳቀሰ ሣሩ አያርፍም። በነጻ የማሰማራትና ያለመፈናቀል መብታችሁም በዚያው በአንቀጽ 40 አለ። ቦረናዎች ለጥጃ የሚከልሉት ከሎ ጥሩ ነው፤ ግን አጥሩ እየበዛ የከብቱን መተላለፊያ እንዳይዘጋ ገና ሲጀመር ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ ጉልበት የለኝም፤ መሬቴን አከራይቻለሁ። ተከራዩ እርከኑን አፍርሶ አረሰው። ተጠያቂው ማነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቁትም እርስዎ ነዎት። አሁኑኑ ከልማት ሠራተኛው ጋር ሄደው ያሳዩት፤ ያዩትንም በጽሑፍ ያስይዙ። የሚቀጥለው ውል ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ስንት እርከን እንዳለ፣ ተከራዩ እንደሚጠግን፣ ካፈረሰ በራሱ ወጪ እንደሚመልስ። ውሉን ቀበሌ ያስመዝግቡት። ከመፈረምዎ በፊትም እርከኖቹን አንድ በአንድ አብረውት ይቁጠሩ።