ማጣሪያውን ከመግዛትሽ በፊት ውሃውን ፈልጊ

እህቴ፣ «የመኝታ ቤታችን ጥግ ሻግቷል፣ ልጄን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፤ የትኛውን የአየር ማጣሪያ ልግዛ?» ያልሽውን ሳነብ ያሳለፍኩት ሁለት ዓመት ፊቴ ድቅን አለ። እባክሽ ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢው።

1. ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። እኔ ሳላውቅ ሻጋታውን በበረኪና ጠርጌ ቀለም ቀባሁበት። በወሩ ቀለሙ ተላልጦ ጠቆረ። ደግሜ ቀባሁ። ሦስተኛውን «ሻጋታ ይከላከላል» በተባለ ውድ ቀለም! በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ ጅብሰም ውስጥ ሰርጎ የገባውን አያገኘውም። የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ ይቀሰቅሳል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ መውጣት አለበት።

2. ማጣሪያው። ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን፣ በዓይን የማይታየውን ብናኝ እንኳ 99.97 በመቶ ይይዛል፤ እውነት ነው። ግን የሚይዘው በውስጡ ያለፈውን አየር ብቻ ነው፤ ግድግዳው ቀን ከሌት ብናኙን እየበተነ የትኛው ማሽን ይችለዋል? ኦዞን የሚባለውን ጋዝ የሚያመነጨውን ማሽንማ አትንኪው፣ ሳንባ ይጎዳል።

3. የቤቱ አስተዳደር ቢሮ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መስኮት ስለማትከፍቺ ነው» አለኝ። የልጄን ሳል እየሰማሁ ያደርኩት እኔን! እልህ ያዘኝና የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ጠዋት ማታ መዘገብኩ። ሌሎቹ ክፍሎች 45 በመቶ ሲሆኑ ያ ክፍል መስኮቱ ተከፍቶም ከ70 አይወርድም። መዝገቡን ከነፎቶው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። በሳምንቱ ሠራተኛ መጣ። ግድግዳው ሲከፈት ከጀርባው ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ሲፈርስ ልጅሽን ከቤት አውጪ፣ በሩን በላስቲክ ሸፍኚ። እኔ ባለመሸፈኔ ብናኙ ሳሎን ድረስ ገብቶ የልጄ ሳል ለቀናት ባሰበት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን እርጥበቱን ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል እይዘዋለሁ፤ 60 እንዲያልፍ አልፈቅድም። ከ50 በላይ ሲሆን ፍራሽ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችም ይመቻቸዋል፤ ስለዚህ አንሶላውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ አጥባለሁ። ውሃ ከፈሰሰ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይሞላው አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታው ይጀምራል። ልጄ ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል።

ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ የግድግዳውን ፎቶ አሳዪው። ደግሞ ያ ጥግ ከጀርባው መታጠቢያ ቤት አይደል? ዛሬውኑ ግድግዳውን በእጅሽ ዳስሺው።