መልስ፦ ቀለሙ የጠፋ ፍሳሽ ለተክል ይሆናል ወይ?

ወዳጄ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ በባክቴሪያ ታክሞ ቀለሙ ከጠፋ ተክል ላጠጣበት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ አትቸኩል። ውሃው ጠራ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

አብዛኞቹ የጨርቅ ቀለሞች አዞ (azo) የሚባሉት፣ በውስጣቸው ሁለት የተያያዙ ናይትሮጅኖች ያሏቸው ናቸው። ኦክስጅን በሌለበት ታንክ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሁለቱን ናይትሮጅኖች ያያያዘውን ቦንድ (ኬሚካላዊ ትስስር) ይሰብሩታል። ቀለሙ ይጠፋል። ከቀለሙ ስብርባሪ የሚቀሩት አሮማቲክ አሚኖች የሚባሉ ኬሚካሎች ግን ለዓይን አይታዩም፤ አንዳንዶቹ ከቀለሙም የባሱ መርዞች ናቸው። ስለዚህ እነሱን ለማፍረስ ቀጥሎ አየር የሚነፋበት ታንክ የግድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በዘር ሞክረው። ሳህን ላይ ማጣሪያ ወረቀት አንጥፍ፣ በታከመው ውሃ አርጥበውና የሰላጣ ዘር በትንበት። ለማወዳደሪያ ሌላ ሳህን በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ አዘጋጅ። ሁለቱንም ጨለማ ቦታ አስቀምጠህ በ5ኛው ቀን የሥሩን ርዝመት በማስመሪያ ለካ። መብቀሉ ብቻ አያሳምንህ፤ ዘር በራሱ ስንቅም ይበቅላል። ሥሩ ከማወዳደሪያው በጣም ካጠረ፣ ጫፉም ቡናማ ከሆነ ውሃው ገና ነው።

ጨውንም አደራ። ጨርቅ በሪአክቲቭ ቀለም (ከጨርቁ ጋር በኬሚካል በሚያያዝ ቀለም) ሲነከር ብዙ ጨው ይገባበታል፤ ባክቴሪያ ደግሞ ጨው አያጠፋም። ሶዲየሙ ቀስ በቀስ አፈሩን ያደድረዋል። ኢሲ ሜትር (የውሃን ጨዋማነት የሚያሳይ መለኪያ) ካለህ ከዘሩም በፊት በእሱ ለካው።