መልስ፦ ስፖርት ላይ ለሚዝሉ ተማሪዎች ምን ይደረግ?
ሰላም እህቴ፣ ተማሪዎቼ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ዝለው ይቀመጣሉ ምን ላድርግ ላልሽው፣ እኔም ደምበጫ አካባቢ ስፖርት ነው የማስተምረው፣ ነገሩ በጣም ያሳስበኛል። መጀመሪያ ቁርስ በልተው እንደመጡ ጠይቂያቸው፣ ግን ለብቻ ነው፣ ሰው ፊት ያፍራሉ። እኔ ጋ አንዷ ልጅ ሩጫ መሀል ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ቀስ ብዬ ስጠይቃት ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ በዛ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ነው የመጣችው። ከዛ ወላጆችን ሰብስበን በቆሎና ሽምብራ አዋጡ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ንፍሮ ይቀቀላል፣ እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲሆን ፕሮቲኑ ይሟላል ለጾምም ይሆናል። ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አትስጧቸው፣ ሰውነት በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን (የብረት ማዕድን) በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፣ ይልቅ ጎመን ካለ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ስፖርቱን ደግሞ አትተዪው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል፣ የኛዎቹ ፈጠን ብለው የሚመጡበት መንገድም ይቆጠርላቸዋል። ለደከሙት ኳስ መቀባበል ስጪያቸው፣ ለቅጣት ብለሽ ግን በፍጹም እንዳታሮጪያቸው። ውሃስ አላችሁ እዛ?